ወንድሜ ያየልኝ ዘመን

እናቴ ለወንድሜ «ከዚያስ?» ትለዋለች፤ ለእኔ «ጥሩ ነው» ትለኛለች። ነገሩ ይኸው ነው፤ ሌላው ሁሉ የዚህ ዝርዝር ነው። ዕድሜዬ ወደ አርባ እየተጠጋ፣ ስለ መጪው ዘመን ሁለት ልብ ወለድ አሳትሜ፣ ሰው ፊት ማይክ ይዤ ስለ ሳይንስ ልብ ወለድ እያወራሁ፣ ዛሬም አንጀቴን የምታሳርረው ይህቺው አንዲት ቃል ናት። ደግሞ «ከዚያስ?» ስትለው ዝም ብላ አይደለም። ወደ ፊት ጎንበስ ትላለች። ዓይኗ ማየት ካቆመ ወዲህ ጆሮዋን ወደ እሱ ታዞራለች፤ አፏ ትንሽ ይከፈታል፤ ወላሂ ሕፃን ልጅ ትመስላለች። እኔ ሳወራ ግን እንግዳ እንደመጣባት ሴት ቀጥ ብላ ትቀመጣለች፤ ስጨርስም «ጥሩ ነው፣ በርቺ» ትለኛለች። በርቺ! ማትሪክ የምፈተን ይመስል።

ወንድሜ አጣና ተራ አካባቢ የቧንቧ ዕቃ ይሸጣል። መጽሐፍ አያነብም፤ የእኔንም አላነበበም፤ «ፊልም ሲሆን ንገሪኝ» ነው ያለኝ። ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ሱቁን ለሚስቱ ትቶ ኮልፌ እናታችን ቤት ይመጣል፤ ጫማውን አውልቆ ምንጣፉ ላይ ይቀመጥና ያየውን ፊልም ያወራላታል። ፊልም ስል የመጪውን ዘመን ፊልም ማለቴ ነው፤ ሌላ አትፈልግም። «የፍቅሩን ተወውና የሚመጣውን አውራኝ» ትለዋለች። እኔም ከቤቴል ታክሲ ቀያይሬ እመጣለሁ፣ ምሳዋን አሙቄ አቀርብላታለሁ፣ ከዚያ ጥግ ይዤ እርር ድብን እላለሁ። ሙያው የእኔ፣ ተደማጩ እሱ። እንዲህ ያለ ግፍ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ጉዱ የጀመረው ከቪዲዮ ቤት ነው። ልጆች ሆነን ሰፈራችን አንድ ቪዲዮ ቤት ነበር። ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ በቆርቆሮና በችፑድ የተሠራች ክፍል፣ በሯ ላይ ጥቁር መጋረጃ፣ ውስጧ መደገፊያ የሌላቸው አግዳሚዎች፣ ከፊት ቴሌቪዥንና የካሴት ዴክ። ወንዶቹ ይገባሉ። እኛ ሴቶቹ አንገባም። «ለምን?» ስል «ሴት ልጅ ቪዲዮ ቤት?» ይሉኛል፤ አባቴም፣ እናቴም፣ ጎረቤቱም። ምክንያቱን ስጠይቅ ደግሞ ያንኑ መልሰው «ሴት ልጅ ቪዲዮ ቤት?» ነው። ወንድሜ በሁለት ዓመት ነው የሚበልጠኝ። ከመጋረጃው ሥር ብቅ ሲል ፀሐይዋ ዓይኑን ትወጋውና ያጭበረብረዋል፣ የት እንዳለ ለአፍታ ይጠፋዋል። እኔ ዳቦ ተልኬ ስመለስ ቆሜ አየዋለሁ። ምን ያህል እንደምቀናበት! እሱ ከሌላ ዘመን መጥቶ፣ እኔ ከዳቦ ቤት መጥቼ።

ስለዚህ እኔ መጪውን ዘመን ያየሁት በእሱ አፍ ነው። በእኛ ጊዜ ፊልም ማውራት ራሱን የቻለ ችሎታ ነበር፤ ያየ ላላየ ያወራል። ሕግም አለው። ዋናው ሰውዬ ስም አይሰጠውም፤ «አክተሩ» ነው የሚባለው። አክተሩ አይሞትም። በጥይት ቢመታ ትከሻው ላይ ነው፣ ከገደል ቢወድቅ ሥሩ ውሃ አለ። አክተሩ ሞተ ብሎ የሚያወራ ልጅ ካለ ፊልሙን አላየውም ማለት ነው፤ ውሸታም ተብሎ ይባረራል።

እናቴ ያኔ ኮልፌ ገበያ በርበሬ ትነግድ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት ግቢው ውስጥ ሸራ እንዘረጋና እሷ፣ እኔ፣ ወንድሜ፣ የጎረቤት ሴቶችና ልጆች ሁሉ ከበን በርበሬ እንቀነጥሳለን። እናስነጥሳለን፣ ዓይናችን ያለቅሳል፣ ወንድሜ ያወራል። እጁ እንኳ በቅጡ አይቀነጥስም፤ ጥይት ይተኩስበታል፣ መኪና ያበርበታል። የሞተሩን ድምፅ በአፉ ሲያሰማ ጎረቤት ያለው ውሻ ይጮህ ነበር። ሴቶቹ ሥራቸውን ትተው ያዩታል። እናቴም ያኔ ዓይኗ ያይ ነበርና አፍ አፉን እያየች «ከዚያስ?» ትላለች።

ካወራቸው ሁሉ አንዲቷን የሚያህል አልነበረም። ርዕሷን አናውቀውም፤ «የመስታወቷ ከተማ» ነበር የምንላት። ስትጀምር ስክሪኑ ላይ ቁጥር ይመጣል፤ ሁለት ሺህ። በሁለት ሺህ ሰው ሁሉ በመስታወት በተከደነች ከተማ ውስጥ ይኖራል። መኪና አስፋልት አይነካም። ልብሳቸው እንደ አዲስ ቆርቆሮ ያብረቀርቃል። ምግብ የለም፤ ኪኒን ነው የሚዋጠው። እዚህ ላይ እናቴ ሁልጊዜ «አስተግፊሩላህ! ያለ በርበሬ?» ትላለች፤ ሴቶቹም ይስቃሉ። የከተማዋን በር የሚጠብቅ የብረት ሰው አለ። አንድ ቀን ከተማዋ ልትፈነዳ ትቃረባለች፣ አክተሩ መንኮራኩር ያገኛል፣ መንኮራኩሯ አንድ ሰው ብቻ ነው የምትይዘው። ይገባል። ሞተሩ ይነሳል። ወደ ሰማይ ትወጣለች። ከዚያ አክተሩ ትዝ ይለዋል፤ እናቱ! እናቱ ከመስታወቱ ውጪ ናት፤ አርጅተሻል ብሎ የብረቱ ሰው አላስገባት ብሎ ነበር። መንኮራኩሯን ከሰማይ ይመልሳታል፣ በእሳቱ መሃል ያልፋል፣ ከብረቱ ሰው ጋር ይታገላል፣ በሩን ይገነጥለዋል። እናቱ ውጪ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። ወንድሜ እዚህ ሲደርስ ዝም ይላል። «ከዚያስ?» ትላለች እናቴ። «ቀና ብላ አየችውና፣ ‹ቆየህ› አለችው» ይላል ወንድሜ። ይኸው ነው፤ አለቀ።

ሴቶቹ ይነፋረቃሉ፤ በበርበሬው ያሳብባሉ እንጂ በርበሬው አይደለም። እናቴ ነጠላዋን ዓይኗ ላይ አድርጋ «ማሻአላህ በሉ ለልጄ፣ ዓይን እንዳይበላው» ትላለች። ሁሉም «ማሻአላህ!» ይላል። ከዚያ ወደ እኔ ትዞራለች፤ ታውቀኛለቻ! «አንቺም በይ እንጂ፣ አንቺ ምቀኛ!» እኔ «በርበሬ ገባብኝ» እላትና ዓይኔን ልታጠብ እነሳለሁ። አንድም ቀን ማሻአላህ ብዬለት አላውቅም። ምን ቆርጦኝ!

ከዚያ የፈረንጆቹ ሁለት ሺህ መጣ። ቦኖ ውሃ ወረፋ ላይ፣ ጀሪካናችን ላይ ተቀምጠን፣ የሰፈሩ ልጆች ወንድሜን ያዙት። «የታለ መስታወቱ? የታለ የሚበረው መኪና? ይኸው ሁለት ሺህ ገባ፣ እኛ አሁንም ጀሪካን ላይ ነን!» ቀስቃሿ እኔ ነበርኩ። ጠዋት ሬዲዮ ላይ የፈረንጆቹን አዲስ ዓመት ስሰማ፣ አለቀለት፣ ዛሬ ጉዱ ይፈላል ብዬ በደስታ ነው የዘለልኩት። እሱ ግን ምን ቢል ጥሩ ነው? እጁን ኪሱ ከትቶ፣ «ፋራዎች! እሱ እኮ የእነሱ ነው። የእኛ ሁለት ሺህ ገና ነው» አለ።

ከዚያ አንዱ «እውነቱን ነው እኮ!» አለ። ሁሉም ፊታቸው በራ። ለካ ስምንት ዓመት ገደማ ይቀረናል! እኔ ብቻ «ፊልሙስ የፈረንጅ አይደለም እንዴ? በማን አቆጣጠር ነው የሚሠሩት?» እያልኩ ስጮህ የሰማኝ የለም። ማታ ለእናቴ ሲነግራት «አልሀምዱሊላህ፣ ኪኒኑ ሳይመጣብን ትንሽ እንብላ» አለችና ሳቀች። ቅናት ሰው ቢገድል ኖሮ ያኔ ነበር የምሞተው። እኔ ትክክል ነበርኩ፣ እሱ ተወዳጅ ነበር።

የእኛም ሁለት ሺህ መጣ። እኔ ዩኒቨርሲቲ ነበርኩ፤ እሱ የቧንቧ ሱቁን ከፍቶ ነበር። በዓሉን እቤት ስናከብር አሁን ምን ይል ይሆን ብዬ ጠበቅኩት። «የታለ?» አልኩት። «ቦሌ ውረጂና ሕንጻውን እዪው፤ መስታወት አይደለም?» አለኝ። ልክ ነው፤ ያኔ ከተማው ሁሉ መስታወት ይለብስ ነበር። «የሚበረው መኪናስ?» «ወደብ ደርሷል።» እናቴ በሳቅ ፍርስ አለች። እኔም ልስቅ ነበር፤ ጥርሴን ነክሼ ያዝኩት።

መጽሐፍ መጻፍ የጀመርኩት በዚህ እልህ ነው። ሰው ሲጠይቀኝ ስለ ቴክኖሎጂና ስለ ኅብረተሰብ አንድ ሁለት ነገር እላለሁ፤ እውነቱ ግን ወንድሜን ለመብለጥ ነው። እሱ በአፉ የሚያመጣውን ዘመን እኔ በትምህርት አመጣዋለሁ አልኩ። አሮጌውንም አዲሱንም አየሁ፣ አነበብኩ። መጪው ዘመን ራሱ እንደሚያረጅ ያወቅኩት ያኔ ነው። በልጅነታችን ፊልም ውስጥ ሰው ጨረቃ ላይ ቤት ሠርቶ ይኖራል፤ ቤተሰቡ ጋ ለመደወል ግን ገመድ ያለው ስልክ ፍለጋ ይሮጣል። ሮኬቱን ያሰቡ ሰዎች ኪስ ውስጥ የሚገባ ስልክ ሳያስቡ ቀሩ! ከዚያ ኮምፒውተር ቤት ውስጥ ሲገባ የፊልሙ ማሽን ሁሉ በሰው ላይ ተነሳ። ከዚያ በሽታ መጣ፤ ከተማው ሁሉ የሚራመድ ሬሳ ሆነ። ከዚያ ውሃ ጠፋ፣ ሁሉም አቧራ ለበሰ። አሁን ደግሞ ከተማም የለ፣ ሮኬትም የለ፤ አንድ ሰው ክፍሉ ውስጥ ብቻውን ተቀምጦ ከስልኩ ጋር ያወራል። ሰማይ ያክል የነበረው መጪ ዘመን እያነሰ እያነሰ መዳፍ ላይ ተቀመጠ። ሁሉም ጊዜ የሚፈራውን ነው የሚያልመው።

አክተሩም ተለወጠ። ድሮ አይሞትም ነበር። ከዚያ መቁሰል ጀመረ፣ ከዚያ መሞት ጀመረ። አሁን አሁን ጭራሽ የለም፤ ካለም መጨረሻ ላይ ጥፋተኛው እሱ ራሱ ሆኖ ይገኛል። እኔም በሁለቱም መጽሐፎቼ ውስጥ እንዲህ ነው ያደረግኩት። ዘመኑ ነው። ተቺዎችም ደፋር ነው ብለውልኛል።

የሚያበሳጨኝ ታዲያ ምን መሰላችሁ? እኔ ዓመታት ፈጅቼ የደረስኩበትን ወንድሜ ምንም ሳይማር ያደርገዋል። እናቴ የመስታወቷን ከተማ ዛሬም ድገምልኝ ትለዋለች፤ በደገማት ቁጥር ከተማዋ ትለወጣለች። የብረቱ ሰው መጀመሪያ ኮምፒውተር ሆነ። ከዚያ ካሜራ ሆነ፤ «ፊትሽን አላውቀውም» ብሎ ነው እናቱን ከውጪ ያስቀራት። ባለፈው ዓመት ደግሞ የምታምር ድምፅ ያላት ማሽን አደረገው፤ በሩ ላይ «ውድ ደንበኛችን፣ ዕድሜዎ አልፏል፤ ስለተጠቀሙ እናመሰግናለን» የምትል። እናቴ በሳቅ ልትሞት ነበር። ኪኒኗም ቀረች፤ አሁን በከተማዋ ውስጥ ውሃ ነው በፈረቃ የሚመጣው። ሁሉም ነገር ይለወጣል፤ መጨረሻዋ ብቻ ያው ነው። ድንጋይ፣ እናት፣ «ቆየህ»።

አንድ ቀን እቤቴ ቁጭ ብዬ ስልኬ ላይ አሮጌ ፊልሞች ስፈልግ ፊልሟን አገኘኋት! ያቺው ናት፤ ቁጥሯም፣ መስታወቷም፣ የብረቱም ሰው። እስከ መጨረሻዋ አየኋት። ወይ ጉድ! ቀሽም ፊልም ናት። መስታወቱ ፕላስቲክ ነው፣ የሚበረው መኪና ክሩ ይታያል። መንኮራኩሯም ሁለት ወንበር አላት፤ አክተሩ ከአንዲት ቆንጆ ጋር ይገባና ይበራል፣ ከተማዋ ትፈነዳለች፣ አለቀ። እናት የለችም። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እናት የሚባል ነገር በፊልሟ ውስጥ የለም!

እሰይ! ያዝኩት! ዓርብን እንዴት እንደጠበቅኳት እኔ ነኝ የማውቀው። እናቴ ፊት ስልኬን እያወዛወዝኩ «ፊልሟን አየኋት። እናት የላትም። ያን ሁሉ ዓመት ሲዋሽሽ ነው የኖረው!» አልኳት። ወንድሜ ሳቀ። «እንግሊዝኛ መች እንሰማ ነበር? አፋቸው ሲንቀሳቀስ የመሰለንን ነው የምናወራው» አለ። እናቴ ደግሞ ትንሽ አሰበችና «ታዲያ ምናባቷ! የልጄ አትሻልም?» አለች። ወደ ቤቴ ስመለስ ታክሲ ውስጥ ነው ነገሩ የገባኝ፤ አላጋለጥኩትም፤ አከበርኩት። እስከዚያ ቀን ድረስ ወንድሜ ጥሩ አውሪ ነው ብዬ ነበር የምቀናው። ለካስ ደራሲው እሱ ነው። ለካ እኔ ሥራዬ ብዬ ዕድሜዬን የሰጠሁትን ነገር እሱ በርበሬ እየቀነጠሰ ሠርቶታል። ረዳቱ «ጦር ኃይሎች፣ ጦር ኃይሎች» እያለ ሲጣራ እኔ እንባዬ ይወርድ ነበር፤ የቅናት እንባ።

ከዚያ ወንድሜ ድምፁ ይጎረነን ጀመር። ጉሮሮው ውስጥ ትንሽ እብጠት ተገኘና በኦፕራሲዮን ወጣች። ክፉ ነገር አይደለም ተባለ፤ ግን ሐኪሙ እኔ እስክፈቅድልህ ድረስ በሹክሹክታ እንኳ እንዳትናገር አለው። ደህና ነው ሲባል አልሀምዱሊላህ አልኩ፤ ከልቤ ነው ያልኩት። ተከትሎ የመጣው ሐሳብ ግን «ዓርብ የእኔ ናት» የሚል ነበር። ምን ላድርግ፣ መጣ።

ዓርብ ከሰዓት ወንድሜ አንገቱን በሻርፕ ጠቅልሎ መጣ። የእናቴን እጅ ስሞ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠ። እሷ ተስቢሗን እየቆጠረች «ዛሬ እንግዲህ ማን ያወራኛል?» አለች፤ ለማንም ሳይሆን ለቤቱ። «እኔ አለሁ አይደል!» አልኳት። «እስቲ» አለች፣ ቀጥ ብላም ተቀመጠች።

ተዘጋጅቼ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ሌላ ሥራ አልሠራሁም። የማወራላት ደግሞ የራሴን መጽሐፍ አይደለም፤ የመስታወቷን ከተማ ነው፤ በገዛ ፊልሙ ነው የምበልጠው። እንዲህ አልኳት፤ ከተማዋ አሁን መስታወት አይደለችም፣ ሁሉም ግድግዳ ስክሪን ነው። ከተማዋ አትፈነዳም፤ ዝም ብላ ሰዎቿን እየረሳች ነው። ዛሬ አንዱን ትረሳዋለች፣ በሩ አልከፍትለት ይላል፣ ነገ ሌላውን። ሰዎቹም ነገሩን ሁሉ ለማሽኗ አደራ ሰጥተው ስለኖሩ፣ እሷ ስትረሳ እነሱም የራሳቸውን ስም ይረሳሉ። አክተሩ ምክንያቱን ፍለጋ ይገባል፣ ይገባል፣ መጨረሻ ላይ ማሽኗን የሠራት እሱ ራሱ ሆኖ ይገኛል። ሠርቶ ረስቶታል። ከዚያ እዚያው ማሽኗ ሥር ቁጭ እንዳለ ይሞታል።

ጥሩ አወራሁ፤ ይህን ማንም አይነፍገኝም። እናቴ ተስቢሗን አቆመች።

«ሞተ?»

«ሞተ።»

«አክተሩ?»

«እማ፣ አሁን እኮ ዘመኑ ተለውጧል፤ አሁን አክተር...»

«እሺ የኔ ልጅ። ጥሩ ነው። በርቺ።»

እንደዚያን ቀን ሆዴ ተቃጥሎ አያውቅም። ወንድሜ አንዲት ቃል ሳይናገር አሸነፈኝ! ዞር ስል እጁን እያወናጨፈ ነው፤ ምንጣፉን በመዳፉ ይመታል፣ ወደ እኔ ይጠቁማል፣ ጭንቅላቱን ይነቀንቃል። እናቴ ኳኳታውን ሰማች።

«ምን ይላል?»

«እጁን ያወናጭፋል።»

«ንገሪኝ እንጂ፣ እኔ አላይ!»

ጎሽ! ጭራሽ የእሱ አስተርጓሚ ሆንኩ። እያረርኩ ነገርኳት። «ተነስቶ ቆመ። አንድ እጁን ወገቡ ላይ አደረገ።»

«ከዚያስ?»

ይህቺኛዋ «ከዚያስ?» የእሱ ናት፤ የራሴ ብዬ አልያዝኳትም። «በሌላኛው እጁ አፍንጫውን ይጠርጋል። በእጅጌው። አገጩን ወደ ላይ ቀሰረ። አሁን ደግሞ ከንፈሩን አሞጠሞጠ፣ እንደ ኩርፊያ ነገር። በአንድ እግሩ መሬት ይመታል። አፉን ይከፍታል፣ ይጮሃል መሰለኝ፣ ድምፅ ግን የለውም...»

እናቴ በሳቅ ፈነዳች። «ውይ! እሱማ አንቺ ነሽ!»

«እኔ?»

«አንቺ ነሻ! በርበሬ እየቀነጠስን፣ የመስታወቷን ከተማ መጀመሪያ ያወራ ቀን! መንኮራኩሯ በረረች፣ አለቀ አለን። እኛ ደስ ብሎን ማሻአላህ ስንል አንቺ ተነሳሽ። አፍንጫሽን በእጅጌሽ እየጠረግሽ፣ እጅሽን ወገብሽ ላይ ሰክተሽ፣ ‹እናቱስ? እናቱን ጥሏት ሄደ?› ብለሽ ጮኽሽበት። አዋረድሽው! ልጄ አመድ መሰለ። ከዚያ ‹ቆይ፣ አልጨረስኩም› አለና መንኮራኩሯን ከሰማይ መለሳት።»

ወንድሜን አየሁት። ራሱን ከላይ ወደ ታች እየነቀነቀ፣ በጣቱ ወደ እኔ ይጠቁማል፤ አንቺ፣ አንቺ፣ አንቺ።

አላስታውሰውም። አሁንም ድረስ አይታወሰኝም። ከዚያች ቅዳሜ ለእኔ የተረፈኝ ቅናቱ ብቻ ነው። ያን ሁሉ ዓመት የተቃጠልኩባት የአክተሩ እናት እኔ ያመጣኋት ናት፤ ያውም ከምቀኝነት፣ ጨዋታውን ላበላሽበት ብዬ። ለአፍታ ደስ አለኝ፤ ልዋሽ አልፈልግም፣ በጣም ደስ አለኝ። ወዲያው ግን ይባስ ብሎ ቅናቱ ተመልሶ መጣ። ጥያቄው የእኔ ነው፤ ድንጋዩ ግን የእሱ ነው፣ «ቆየህ» የምትለዋም የእሱ ናት። እኔ የወረወርኩበትን ነገር ተቀብሎ ሰው የሚያስለቅስ አደረገው። እኔ እስከዛሬ ምን ይዤ ነው የተቀመጥኩት?

እናቴ ስቃ ስቃ ዓይኗን ጠረገች። ከዚያ ፊቷን ወደ እኔ አዞረች።

«ታዲያ በአንቺኛዋስ?» አለችኝ።

«ምኑ?»

«እናቱስ?»

የስክሪኗን ከተማ በሐሳቤ ዞርኳት፤ የለችም። የመጀመሪያውን መጽሐፌን፣ ሁለተኛውን፣ አንድ በአንድ ገለጥኳቸው። ሳይንቲስቶች አሉ፣ ማሽኖች አሉ፣ ድርቅ አለ፣ ብቻቸውን የሚሞቱ ሰዎች አሉ። የማንም እናት የለችም። ይህን ያህል ዓመት መጪውን ዘመን ስጽፍ አንዲት እናት አላስገባሁም፤ የብረቱ ሰው እኔ ነበርኩ። እናቴ እየጠበቀችኝ ነው። ተስቢሗ እጇ ላይ ቆሟል።

«ቆይ እማ» አልኳት፣ «አልጨረስኩም።»

ምን እንደምል አላውቅም ነበር፤ ወላሂ አላውቅም ነበር። ዝም ብዬ ጀመርኩት። «አክተሩ ሞተ ያልኩሽ የሞተ መስሎኝ ነው። ማሽኗ ሥር ቁጭ ብሎ፣ ትንፋሹ እየደከመ፣ ኪሱ ውስጥ ስልኩ ጠራ። ከተማዋ ውስጥ ማንም ለማንም ከደወለ ቆይቷል፤ የሰውን ቁጥር ሁሉ ማሽኗ ነበረች የምትይዘው፣ እሷም ረስታዋለች። ውጪ ግን አንዲት አሮጊት አለች። ዓይኗ አያይም። ማሽን አምና ስለማታውቅ የልጇን ቁጥር በቃሏ ነው የያዘችው። አክተሩ ስልኩን አነሳው። የራሱን ስም አያውቀውም፣ የእሷንም አያውቀውም። ‹ማን ልበል?› አላት። እሷም...»

ቆምኩ። ማቆሜ ለማሳመር አልነበረም፤ የሚቀጥለውን ስለማላውቀው ነው።

እናቴ ወደ ፊት ጎንበስ አለች። ጆሮዋን ወደ እኔ አዞረች። አፏ ትንሽ ተከፍቷል።

«ከዚያስ?» አለችኝ።

ወንድሜን ዞር ብዬ አየሁት። ሻርፑን በእጁ ጨብጦ ያየኛል። ያቺን ዓይን አውቃታለሁ፤ ዕድሜ ልኬን እኔ ጋ ነበረች።

«ማሻአላህ በል እንጂ!» አልኩት።

በጣቱ ጉሮሮውን አሳየኝ።